ወደ ግድግዳ የዞረው ወንበር

ባጄን ያስረከብኩት ሐሙስ ዕለት ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ በመቀስ ለሁለት ቆርጣ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ሕጉ ነው፤ ሥራ የለቀቀ ሰው መታወቂያ ይዞ ከኤርፖርት አይወጣም። ቢሆንም ፊትሽ መሃል ለመሃል ሲቆረጥ ቆመሽ ማየት ደስ አይልም። «ሃቭ ኤ ብሌስድ ደይ» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁና የሠራተኞች ፓርኪንግ ሄጄ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ። አላለቀስኩም፤ ጉልበቴን ነበር የማሸው።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ትዝታው ይጣፍጠዋል ይላሉ። እኔን አልጣፈጠኝም። ዳላስና ፎርት ዎርዝ መካከል ባለው በዚያ ኤርፖርት የኖርኩትን ዘመን ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ አንድ ወንበር ነው፤ ሻንጣ መቀበያው አጠገብ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ የቆመ ዊልቸር። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ወንበር ለመድረስ ነው። በመንገዴ ያገኘሁትን ሌላውንም ማንሳቴ አይቀርም።

በዲቪ ስመጣ ልጅ አልነበርኩም። አገር ቤት መዋለ ሕፃናት አስተምር ነበር፤ እዚህ አርሊንግተን የአክስቴ ልጅ ሶፋ ላይ ተኛሁ። አርሊንግተን ባቡር የሚሉት ነገር የለም፤ መኪና የሌለው ሰው እግር የሌለው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ የመረጥኩት በሙያዬ ሳይሆን ሊፍት በሚሰጠኝ ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ ጎረቤት አውሮፕላን ታጸዳ ነበርና እኔም አውሮፕላን አጸዳሁ።

አውሮፕላን ውስጥ ትሠራለች ሲባል አገር ቤት ያሉት ደስ አላቸው። እኔም አላረምኳቸው። እውነቱ ግን ተሳፋሪው በፊት በር ሲወጣ እኛ በኋላ በር በደረጃ እንገባለን፤ የሚቀጥለው መንገደኛ ከመግባቱ በፊት ሰው ያልነካው አስመስለን መውጣት አለብን። ከወንበር ጀርባ ያለውን ኪስ ሁሉ በእጅ መፈተሽ፣ ቀበቶውን ማጠላለፍ፣ ፍርፋሪውን መጥረግ፣ ሽንት ቤቱን ማጠብ። ኪስ ውስጥ የሕፃን ዳይፐር ታገኛለሽ፤ አንዳንዴም መርፌ። በበጋ ሞተሩ ጠፍቶ አየር ማቀዝቀዣው ሲቆም ውስጡ ምድጃ ነው። አለቃችን ሬይ የሚባል ቴክሳሳዊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ ግን ከሰዓቱ ላይ ተነሥቶ እኛ ላይ አርፎ አያውቅም።

አየር መንገድ ደግሞ እኛን አይቀጥርም። ኮንትራት የወሰደ ድርጅት ነው የሚቀጥረን፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሌላ ድርጅት ይመጣል። አርብ ማታ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰን እንወጣና ሰኞ በቀዩ እንገባለን። ሸሚዙ ይለወጣል እንጂ ደመወዙም፣ ባልዲውም፣ እኛም ያው ነን። በዚህ ዓይነት ከጽዳት ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ ሬዲዮ ክፍል፣ ከሬዲዮ ክፍል ተመልሼ ወደ ዊልቸር ሄጃለሁ። ከሁሉም ሙያ ልለው የምችለው ዊልቸሩን ነው፤ እሱንም እትዬ በላይነሽ ስላስተማሩኝ ነው።

እትዬ በላይነሽ አጠር ያሉ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ጥቁር ሻሽ ከራሳቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። ናዝሬት ሻይ ቤት ነበራቸው፤ የሰውን ፊት አይቶ የሚፈልገውን ማወቅ ከዚያ ያመጡት ሙያ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወንበሩ ላይ ያስቀመጡት እኔን ነው። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ከኋላ ገፉኝ። ደንግጬ የወንበሩን ክንድ ጨበጥኩ። አቆሙና ፍሬኑን ያዙ፤ ዞረው ከፊቴ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ደነገጥሽ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ወዴት እንደምሄድ አላወቅኩማ።»

«በቃ፣ ሥራው ይኼ ነው። የቀረው ጉልበት ነው» አሉኝ። «ከመግፋትሽ በፊት ፍሬን ያዢ። ፊት ለፊት ነይ። ዓይናቸውን እያየሽ ወዴት እንደምትወስጃቸው ንገሪያቸው። የማያየው ሰው ከኋላ ሲገፋው የማይደነግጥ ፍጡር የለም።»

ሁለተኛው ሕጋቸው ስለ ግድግዳ ነበር። ገፊዎቻችን አሳንሰር ሲጠብቁም ሆነ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወንበሩን እንደ ጋሪ ያገኙበት ይገትሩታል፤ ሰውዬው ግድግዳ እያየ ይቀመጣል። እትዬ በላይነሽ ይህን ካዩ ይቆጣሉ። «የተቀጣ ተማሪ ነው እንዴ? ወደ ሰው አዙሪው! ሰው ሰው እያየ ነው የሚጠብቀው» ይላሉ። የራሳቸው ያልሆነን ተሳፋሪ እንኳ ሲያልፉ አዙረው ይሄዱ ነበር።

ሌላም ብዙ አለ። ከአውሮፕላኑ በር ወደ ሕንፃው በሚወስደው ዘንበል ባለ መተላለፊያ ቁልቁል ሲሆን ወንበሩ በጀርባ ነው የሚወርደው፤ አለዚያ ሰው ተንሸራትቶ በፊቱ ይደፋል። አሳንሰር ውስጥ በጀርባ ይገባል፣ በሩ ሲከፈት ተሳፋሪው ፊቱ ወደ መውጫው እንዲሆን። በጠባብ በር ስናልፍ «ክርንዎን ይሰብስቡ» ይባላል። የኛ እናቶች ሲሆኑ ደግሞ ነጠላ አለ። የነጠላ ጫፍ ጎማ ውስጥ ገብቶ አንገት ሊያንቅ ይችላል። እትዬ በላይነሽ ጫፍና ጫፉን ሰብስበው ጭናቸው ላይ ቋጠር ያደርጉላቸው ነበር፤ እያወሩ ስለሚያደርጉት ማንም ልብ አይለውም።

የኛ ሰው ዊልቸር የሚታዘዝለት መራመድ ስላቃተው አይደለም። እንግሊዝኛ ስለማይችልና እንዳይጠፋ ነው። እዚህ ያሉት ልጆች ቲኬት ሲቆርጡ «ዊልቸር» የሚለውን ይነኩታል፤ እናትየው ግን አይነገራቸውም። እና ከደጋ የመጡ፣ ገበያ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱ ሴት ወንበር ሲቀርብላቸው «ምን ሆንኩና ነው የምገፋው? አንቺ ተቀመጪና እኔ ልግፋሽ!» ይሉናል። አንዷ የምራቸውን ነበር፤ አስቀምጠውኝ ጥቂት ከገፉኝ በኋላ ነው ሳቅ ብለው ራሳቸው የተቀመጡት። እንዲህ ያለውም ቀን ነበር፤ ብዙ ግን አልነበረም።

ጉልበቴ መታመም ሲጀምር ሬዲዮ ክፍል አስገቡኝ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። የትኛው አውሮፕላን የት በር እንደሚቆም እያየሁ ገፊዎችን እመድባለሁ። ስልኬ ደግሞ እረፍት የለውም። ዳላስ ያለ ሐበሻ ሁሉ «ኤርፖርት የምትሠራዋ ሴትዮ» ቁጥር አለው፤ «እናቴ ደርሳለች ወይ?»፣ «አባቴ ስልክ አያነሳም»፣ «እባክሽ አንድ የኛ ሰው መድቢልኝ» ይለኛል። የሥራ ደንቡ ባይፈቅድም አደርገው ነበር።

ደረጀ የደወለልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አላውቀውም።

«እቴ ሙሉ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነሽ አይደል? እናታችን አሁን ላንድ ልታደርግ ነው። ትጓደድ ትባላለች፣ ከፍቼ ነው የመጣችው። ዊልቸር ሪኩዌስት አድርገናል።»

«እሺ፣ ሰው እልክላቸዋለሁ።»

«ማለቴ… ነገሩ ሌላ ነው። ወንድሜ ግርማ አይሲዩ ነው ያለው፣ ዳላስ። ዶክተሮቹ ዛሬን አያልፍም ብለውናል። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር ‹እማዬ ደረሰች?› ነው የሚለው።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«ኖ፣ ኖ! ለቼክአፕ ነው የገባው ብለናታል። ፕሊስ ምንም እንዳይነገራት። ብቻ ቶሎ አውጡልን። እኔ እዚሁ ታች እየጠበቅኩ ነው።»

ቶሎ አውጡልን፣ ግን አትንገሯት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሚቸኩልበትን የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚቸኩለው? ያን ጊዜ ግን እኔም እንዲህ አላሰብኩም። ከገፊዎቹ ሁሉ ፈጣኗ እትዬ በላይነሽ ናቸው ብዬ ደወልኩላቸውና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። «ወይ እናቴን!» አሉና ሮጡ።

እስከ ፓስፖርት ድረስ እንደ ተአምር ነው የሄደው። እትዬ በላይነሽ ወንበሩን እያበረሩ ሰልፉን በጎን አለፉት፤ መኮንኑም ብዙ አልጠየቀም። የቀረው ሻንጣ ብቻ ነበር። እዚያ ቆሙ።

ደረጀ ደግሞ ደጋግሞ ይደውላል። «የት ደረሱ? እቴ ሙሉ፣ የት ደረሱ?» በመጨረሻ ሬዲዮውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ራሴ ወረድኩ። ሻንጣው የሚዞርበት ጎማ ዙሪያ ብዙ ሰው ቆሟል። እማማ ትጓደድ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ እጃቸው የሠራተኛ እጅ ነው። የሚመጣውን ሻንጣ ሁሉ በዓይናቸው ይከተላሉ።

«እማማ፣ ሻንጣውን እኛ ቤት ድረስ እናመጣልዎታለን። እርስዎ ይሂዱ፣ ደረጀ ውጭ እየጠበቀዎት ነው» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ እኔ ነኝ የማውቀው። በገመድ ነው ያሰርኩት» አሉኝ። «ጭኮ ይዤለታለሁ። ገብሱን ራሴ ነኝ የቆላሁት። ግርማዬ ከልጅነቱ ሲታመም የሚያነሣው ጭኮ ነው። ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?»

«እሱ ይደርሳል እኮ እማማ…»

«ደህና ነው ብለውኛል። ምን ያስቸኩላል?» አሉና ፈገግ አሉልኝ።

እትዬ በላይነሽን በዓይኔ ጠቀስኳቸው። እሳቸውም ገባቸው። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ፊታችንን እንዳያዩብን ብለው ወንበሩን አዙረው ወደ ግድግዳ አቆሙትና ፍሬኑን ያዙ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እትዬ በላይነሽ ሰው ወደ ግድግዳ ሲያቆሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥቂት ራቅ ብለን ቆምን።

«ይንገሯቸው» አልኩ።

«ምን ብዬ?»

«ልጅዎ በጠና ታሟል፣ ሻንጣው ይቅር፣ ይበሏቸው። ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

«አንቺ፣ አፍሽን ያዢ! ሰውዬው ሳይሞት ታሟርቺበታለሽ?» አሉና ወደ ወንበሩ ዞር ብለው አዩ። «ደግሞስ እዚህ? እህል ሳይቀምሱ፣ ዘመድ አጠገባቸው ሳይኖር? ወድቀው ቢቀሩብኝስ? መርዶ በመንገድ አይነገርም።»

«መርዶ አይደለም እኮ! ልጁ በሕይወት አለ!»

«እሱን ነው የምልሽ። በሕይወት ያለውን ሰው ምን ብዬ ልግደለው?»

ብዙ ጊዜ ያን ክርክር በልቤ እደግመዋለሁ። እትዬ በላይነሽ የተናገሩት ሁሉ ያደግንበት ነው። መንገደኛ መርዶ አይነገረውም፤ ብቻውን ላለ፣ ለራበው፣ ለቆመ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ደግ ሥርዓት ነው፤ ስንቱን ከመውደቅ አድኗል። ግን የሞተን ሰው ለማርዳት የተሠራ ሥርዓት ነው። ሞቶ ላላበቃ፣ ዓይኑን እየገለጠ እናቱን ለሚጠራ ሰው የሚሆን ሥርዓት አልነበረንም፤ ስለሌለን ያለንን ተጠቀምንበት። እኔም አልፌ አልተናገርኩም። አስተማሪዬ ናቸው፣ ታላቄ ናቸው፣ እናትየውም የደረጀ እናት ናቸው እንጂ የኔ አይደሉም።

ተመልሰን ወንበሩን ወደ ሻንጣዎቹ አዞርነው፤ ሻንጣውም መጣ። እማማ ትጓደድ ገና ከሩቅ ገመዱን አይተው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ከዚያ ደግሞ ፈታሽ ያዘው። በገመድ የታሰረ ሻንጣ ሁሌም ይያዛል። ጓንት ያደረገ ወጣት ገመዱን ፈታ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ ጭኮውን አሸተተ፣ አለቃውን ጠራ፣ አለቃው አሸተተ። እማማ ትጓደድ «ቅመሰው፣ ግዴለም» ይሉታል በአማርኛ። አሳለፉት። ገመዱን መልሰው ሲያስሩ እሳቸው ራሳቸው ካልቋጠሩት አሉ። እትዬ በላይነሽ አጠገባቸው ቆመው ጥርሳቸውን ነክሰዋል።

በሩ ሲከፈት ደረጀ ፊት ለፊት ነበር። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። እኛን ሲያየን ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደ። ፊቱን አየሁና ሁሉ ገባኝ። ከዚያ ያ ሰው ፈገግ አለ። እንዴት ፈገግ ማለት እንደቻለ እስካሁን አላውቅም።

«እማዬ! እንኳን ደህና መጣሽ!»

«ግርማ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አሁን እረፍት ያድርግ ብለዋል። ዛሬ ቤት ትገቢና ጠዋት እንሄዳለን።»

«ጭኮውን ግን ዛሬ ላኩለት» አሉት።

ሪቻርድሰን ከተማ ወዳለው የደረጀ ቤት ወሰዷቸው። ማለዳ ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰብስበው፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ደግፈው ይዘው አረዷቸው። ሁሉም በደንቡ ነው የተደረገው።

ከእትዬ በላይነሽ ጋር ለቅሶ ሄድን። እማማ ትጓደድ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ የግርማ ሚስት እያለቀሰች የመጨረሻውን ቀን ታወራለች፤ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው። «‹እማዬ ደረሰች? እማዬ ደረሰች?› እያለ…» አለች።

እማማ ትጓደድ ቀና አሉ። «መቼ ነው እንዲህ ያለው?»

የግርማ ሚስት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ንገሪኝ እንጂ። መቼ ነው?»

«እርስዎ… ኤርፖርት ሳሉ» አለች።

ፊታቸው በሰዉ ላይ ሲዞር ቆይቶ እትዬ በላይነሽ ላይ ቆመ። አወቋቸው።

«ልጄ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

እትዬ በላይነሽ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

«ለጭኮ» አሉ እማማ ትጓደድ። ወደኛ አልነበረም የሚያወሩት። «ለጭኮ ብዬ ነው የቀረሁት?»

ከኋላዬ አንዷ ሴትዮ ለጎረቤቷ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው» ስትል ሰማኋት። ዞሬ በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ምን ጣሉ? ከብብታቸው የወሰድንባቸው እኛ ነን። ስንወጣ ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ገመዱን ማንም አልፈታውም።

ከአርባው በኋላ እማማ ትጓደድ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስማቸውን ስክሪኑ ላይ ሳየው ሌላ ሰው ልመድብ ነበር። እትዬ በላይነሽ ግን «እኔ ነኝ የምወስዳቸው» አሉ። ወንበሩን ይዘው ሄዱ፣ ፍሬን ያዙ፣ ከፊታቸው ጎንበስ አሉ። እማማ ትጓደድ አዩዋቸውና «በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ። ሄዱም። ያን ሁሉ ረጅም ተርሚናል ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ በእግራቸው ተጓዙ፤ እትዬ በላይነሽ ከኋላቸው ባዶውን ወንበር እየገፉ እስከ አውሮፕላኑ በር ተከተሏቸው። አንድም ቃል አልተለዋወጡም አሉ ያዩት ገፊዎች።

እኔና እትዬ በላይነሽ ተኮራርፈን አናውቅም፤ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆንንም። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ስለዚያ ቀን አናነሣም። ውስጤ ይናደድ ነበር። ወዴት እንደምትወስጃቸው ሳትነግሪያቸው አትግፊ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከሁሉ የከፋውን መንገድ ግን ያቺን ምስኪን ሴት ሳይነግሯቸው ገፏቸው። ይህን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ።

እኔ ግን ቀጠልኩ። ኮንትራቱ ሲለወጥ ሬዲዮ ክፍሉን ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩትና ጉልበቴ እየጮኸ ወደ መግፋት ተመለስኩ። ኮሮና ዓለምን ሲዘጋ ባዶ ተርሚናል ውስጥ ቆመን ዋልን። አሁን ደግሞ ራሱን የሚነዳ ወንበር እየሞከሩ ነው፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ወንበሩ ብቻውን ይሄዳል። አንዱን አየሁት፤ ሰውዬውን በሩ ጋ አድርሶ ፊቱን ወደ ዓምድ አድርጎ ቆመ። ሄጄ አዞርኩት። የኔ ሥራ እንዳለቀ ያን ቀን ገባኝ።

ባጄን ባስረከብኩ በሳምንቱ የእትዬ በላይነሽ ልጅ ሊያ ደወለችልኝ። እዚህ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይላል።

«አንቲ ሙሉ፣ ማሚን ዛሬ ዲስቻርጅ ያደርጓታል። ካን ዩ ካም? ብቻዬን አልችልም።»

እትዬ በላይነሽ ጉበታቸውን ታመው መክረማቸውን አውቃለሁ። «ተሻላቸው?» አልኳት።

«ኖ። ማለቴ… ዶክተሮቹ ትሪትመንቱን ስቶፕ አድርገዋል። ሶ፣ ቤት ነው የምትሆነው። እስክ… እስክትሄድ። እሷ ግን አታውቅም። ማሚ መጀመሪያ ዶክተሮቹን ‹ሁሉን ለልጄ ንገሯት› ብላቸው ስለነበር ለኔ ነው የነገሩኝ። አጎቶቼ ‹እንዳትነግሪያት፣ ትወድቃለች› አሉኝ። ‹ተሽሎሻል› አልኳት። ፕሊስ፣ አንቺም እንደዚያ በያት፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ። ምን ልበል? ልጅቷ እያለቀሰች ነበር።

ሆስፒታሉ ዳላስ ነው። ስደርስ እትዬ በላይነሽ ለብሰው አልጋው ጫፍ ተቀምጠዋል፤ ያ ሰፊ ደረት የት እንደገባ እንጃ። ጥቁሩ ሻሽ ግን አለ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «ሙሉ! ተሽሎኛል፤ ወደ ቤቴ ልገባ ነው። ናዝሬት ሄጄ ወንድሜን አየዋለሁ፤ ለገና ትኬት ትቆርጪልኛለሽ» አሉኝ። ሊያ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። እኔም የማደርገው አጥቼ የሻሻቸውን ጫፍ አስተካከልኩላቸው።

ዊልቸር ይዞ የመጣውን የሆስፒታሉን ሠራተኛ «እኔ ልግፋ፣ ሥራዬ ነው» ብዬ ለመንኩት፤ አየኝና ተወልኝ። ሊያ «ካሩን ፊት ለፊት አመጣዋለሁ» ብላ ቀድማን ወረደች። ክርናቸውን ሰበሰብኩ፣ እግራቸውን በማሳረፊያው ላይ አደረግኩ፤ አሳንሰሩ ውስጥ በጀርባ ገባሁ። «አልረሳሽውም» አሉኝ እየሳቁ።

ታች አዳራሹ ውስጥ ጥግ ይዤ መኪናው እስኪመጣ ቆምኩ። ደክሞኝ ስለነበር ልብ አላልኩም። ቀና ስል ወንበሩ ወደ ግድግዳ ዞሯል። እትዬ በላይነሽ ፊታቸው ነጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ለገና ምን ይዘው እንደሚሄዱ ለብቻቸው ያወራሉ።

ወንበሩን አዞርኩት። ፍሬኑን ያዝኩ። ዞሬ ከፊታቸው መጣሁና የማይታጠፈውን ጉልበቴን አጥፌ ተንበረከክኩ። እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ወዴት እንደምወስድዎት ልንገርዎት።»

ሳቃቸው ቆመ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ቀረ።

«ወደ ቤት ነው የምንሄደው። ስለተሻለዎት ግን አይደለም። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ ማድረግ የሚችሉት የለም ብለዋል። መድኃኒቱንም አቁመዋል። ወንድምዎን ካሰቡ ለገና አይጠብቁ፤ ዛሬ ይደውሉለት።»

እጃቸው እጄ ውስጥ ከበደኝ። አንዲት ነርስ በአጠገባችን አለፈች፤ በሩ ተከፈተ ተዘጋ። አልወደቁም። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲሰማው ይወድቃል ብለን የፈራነውን ነገር ተቀምጠው ሰሙት።

«ሊያ ታውቃለች?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ታውቃለች።»

«ብቻዋን ነው የያዘችው?»

«አዎ።»

«ወይ ልጄን…» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ረጥቦ ነበር። «ያቺ የፍቼዋ ሴትዮ» አሉ፤ ስማቸውን አልጠሩም። «ፊት ለፊቷ ቆሜ ብነግራት ኖሮ ትችለው ነበር፣ አይደል?»

«ይችሉት ነበር» አልኳቸው። መዋሸት አልቻልኩም።

የሊያ መኪና ከመስታወቱ ውጭ ደረሰ። «ግፊኝ» አሉ። «በሩ ጋ ስትደርሺ ወደ እሷ አዙሪኝ፤ ከዚያ ፍሬኑን ያዢው።»

እንዳሉት አደረግኩ። ሊያ ከመኪናው ወርዳ መጣች፤ ልክ እንደ ደረጀ ፊቷ ላይ ፈገግታ አድርጋለች። «ሬዲ ነሽ ማሚ? ዛሬ እኮ በጣም ቆንጆ ሆነሻል!»

እትዬ በላይነሽ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ ሊያዬ፣ ነይ። ተነግሮኛል።»

ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። ልጅቷ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች፤ እሳቸውም ፀጉሯን እየዳሰሱ «አይዞሽ፣ አሁን ሁለት ሆነናል» ይሏታል። መኪናው ሞተሩ እንደበራ፣ በሩም እንደተከፈተ ነበር። ሄጄ አጠፋሁት።